አተላው የማን ነው?

ባለፈው ጥቅምት ለእቴቴ ደውዬ «እዚህ አገር ከብረት ማቅለጫ ጭስ አረቄ ያወጣሉ» አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ከወዲያ የድስት ክዳን ሲንኳኳ እየተሰማኝ ትንሽ ዝም አለችና «አተላውስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጭሱን አልኮል ስለሚያደርገው ባክቴሪያ፣ ስለ ፋብሪካው፣ ኢታኖል በሚባለው በዚያ አልኮል ስለበረረው አውሮፕላን ሳይቀር ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር የደወልኩት። አተላው ግን ከነጭራሹ አልታሰበኝም። «እጠይቅና እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ጥያቄ አብራኝ ታድራለች።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ደብረ ብርሃን ላይ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ያሳደገችኝም በአረቄ ነው። ጠጥቼው ማለቴ አይደለም። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተሳፈርኩበት ገንዘብም ከዚያች ጓዳ ጠብ ጠብ እያለ የወጣ ነው። አረቄ በሚወጣበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሒሳቡ በጠርሙስ ብቻ አያልቅም። የጌሾው፣ የብቅሉ፣ የእህሉና የማገዶው ዋጋ ሲቀነስ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ትርፉ ያለው አተላው ላይ ነው። በሬና በግ የሚያደልቡ ጎረቤቶች ገና ሳይቀዘቅዝ በጀሪካን እየተሻሙ ይወስዱታል። «አረቄው ለሰካራም፣ አተላው ለእኔ» ትል ነበር እቴቴ።

ስለዚህ ጥያቄዋ የቀልድ አልነበረም። የሙያ ጥያቄ ነበር። እኔ ነኝ ጉዳዩን እንደ ተረት የነገርኳት።

ዶሮዋ የሞተችበት ሌሊት

ወደ ኋላ ልመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩ ለእኔ የጀመረው በአረቄ ሳይሆን በከሰል ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደጅ ያደረ ባልዲ ውሃ ጠዋት ስስ በረዶ ለብሶ ይገኛል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ መብራት ጠፍቷል። እቴቴ አረቄ ስታወጣ የዋለችበትን ፍም በከሰል ማንደጃ አድርጋ ወደ መኝታ ክፍላችን አስገባችው። ዝም ብላ አይደለም ያስገባችው፤ እንደ ደንቡ ደጅ አቆይታ፣ ጭሱ አልቆ፣ ፍሙ ቀይ ሆኖ፣ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ጣል አድርጋበት ነው። ከዚያ በሩን ዘጋን። የመስኮቱን ስንጥቅ በአሮጌ ነጠላ ወተፍነው። እቴቴ፣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ አልጋው ሥር ቅርጫት ውስጥ ደግሞ አንዲት ቄብ ዶሮ።

ከዚያ ሌሊት የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። ራሴን እንደ ገመድ የሚያስር ሕመም። ተነሺ የሚለኝ ሐሳብና የማይታዘዘኝ እግር። ወንድሜ ያቃስታል፤ የሚያቃስተው እሱ ይሁን እኔ ግን አላውቅም። እቴቴ በሌሊት ድፍድፏን የማየት ልማድ ነበራት። በዚያ ሌሊትም እንደ ልማዷ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ መወርወሪያውን ስባ እዚያው ተዘረረች፤ በሩም በክብደቷ ተበርግዶ ወደ ውጭ ተከፈተ። ያ የሚረገም ብርድ ገባ። ያተረፈን እሱ ነው።

ጎረቤት ተሰበሰበ፤ «ከሰል መትቷቸው ነው» ተባለ፤ ወተት ተጠጣ፤ ወንድሜ አስመለሰው። በማግሥቱ ቅርጫቱን ስናነሣ ዶሮዋ አንገቷን ክንፏ ሥር እንደከተተች ደርቃለች። እቴቴ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ለእኛ የመጣውን እሷ ወሰደችው» አለችና ራሷ ወስዳ ቀበረቻት። ዶሮ ሲቀበር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በየክረምቱ «በከሰል ጭስ ታፍነው ሕይወታቸው አለፈ» የሚለውን ዜና የምንሰማ ሰዎች አንድ ነገር እንስታለን፤ የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ጭሱማ ያስለናል፣ ያስለቅሰናል፣ በር ያስከፍተናል። የሚገድለው ጭሱ ካለቀ በኋላ፣ ያ የሚያምረው ቀይ ፍም ዝም ብሎ ሲተፋው የሚያድረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከያዘው ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። የነጭ ሽንኩርቱ ልጣጭ ለክፍሉ ሽታ ከመስጠት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። እቴቴ ደንቡን ሁሉ ጠብቃ ነበር። ደንቡ ራሱ ነው የተሳሳተው።

ጠርሙስ ቁጥር 3

አሁን ያለሁት ጌንት ነው፤ ቤልጅየም። ለሁለተኛ ዲግሪ መጥቼ፣ ረቂቅ ተሐዋስያን ከቆሻሻ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ከሚጠናበት ቤተ ሙከራ ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን አንዲት የክሬዲት ካርድ የምታክል ነገር ደረቴ ላይ ተሰካችልኝ። «ካርቦን ሞኖክሳይድ ካፈሰስሽ ትጮኻለች፤ ከጮኸች የያዝሽውን ጥለሽ ውጪ» አለኝ የሚያሠለጥነኝ ሰው። የጋዙን ስም ስሰማ ጆሮዬ ጭው አለ። በማንም ፊት ግን አልተናገርኩም።

ሥራው እንዲህ ነው። መዳፍ የሚሞላ ጠርሙስ አለ፤ በወፍራም ጎማ ተደፍኖ በአሉሚኒየም ቆብ ታስሯል። ውስጡ ጨውና ቫይታሚን የገባበት ውሃ አለ፤ ስኳር የለም፣ እህል የለም። ከባክቴሪያው ጥቂት ጠብታ በመርፌ ይወጋበታል። ከዚያ ከውሃው በላይ ያለው ባዶ ቦታ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላል። ውሃው ውስጥ ደግሞ ትንሽ ቀለም አለች፤ ኦክስጅን ከገባ ሮዝ ትሆናለች፣ ከሌለ ውሃው መልኩ አይለወጥም። «ሮዝ የሆነውን ጣይው፤ አየር ገብቶበታል፤ ሞተዋል» ተባልኩ።

ስድስት ጠርሙስ ሞልቼ፣ የእያንዳንዱን ግፊት ለክቼ፣ 37 ዲግሪ የሚሞቅና የሚወዛወዝ ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ወደ ቤት ሄድኩ። 37 ዲግሪ የሰው ገላ ሙቀት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በጨለማ ውስጥ፣ በሰው ገላ ሙቀት፣ በሩ በተዘጋ ቤት ያንን ጋዝ እየሳቡ የሚያድሩትን እያሰብኩ ተገላበጥኩ።

ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገባሁ። ጠርሙስ ቁጥር 2 ሮዝ ሆኗል፤ ጎማውን ስወጋ አየር አስገብቼ መሆን አለበት። ቁጥር 3ን አነሣሁ። ማታ ጠርቶ የነበረው ውሃ ደፍርሷል፤ ልክ ያልጠለለ ጠላ። ተባዝተዋል ማለት ነው። መለኪያውን ስወጋበት ግፊቱ ሲሦ ያህል ወርዷል። ጋዙን በልተውታል።

እዚያ ቆሜ የሆንኩትን እንዴት ልግለጸው? ጠርሙሱን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ሕፃን አየሁት። ያቺ ቄብ ዶሮ ትዝ አለችኝ። ወንድሜ ትዝ አለኝ። እኛን በሩ ላይ የዘረረን ነገር ለእነዚህ እራት ነው። በተቃራኒው ደግሞ፣ በዚያ ሌሊት በሩ ተከፍቶ የገባው፣ እኛን ያተረፈን አየር፣ ጎረቤቱን ጠርሙስ ፈጅቶታል። አንድ ቤት ውስጥ ልንኖር የማንችል ሁለት ፍጥረቶች ነን። ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ጋዝ ክፉ ነው ብዬ አምኜ ነው ያደግሁት፤ ሰይጣን እንደሚባለው ዓይነት ክፉ። በዚያ ጠዋት ግን ጋዙ ክፉም ደግም እንዳልሆነ፣ አንዲት የካርቦንና አንዲት የኦክስጅን ቅንጣት ተያይዘው የሚዞሩበት ነገር ብቻ እንደሆነ፣ ሳይንሱን ሳይሆን ስሜቱን ያወቅሁት መሰለኝ። የሚበላው አጥቶ ነው እኛን የበላን።

እርግጥ ይህ የስሜት ንግግር ነው። አሠልጣኜ ገብቶ ጠርሙስ ታቅፌ ሲያገኘኝ የጠየቀኝ «ግፊቱን መዘገብሽ?» ብቻ ነው።

ከሞኝ ደጃፍ

የባክቴሪያዋን ታሪክ ስከታተል ያገኘሁት ነገር አሳቀኝ። ስሟ ክሎስትሪዲየም ኦቶኢታኖጄነም ነው። የክሎስትሪዲየም ወገን በመልካም አይታወቅም፤ የቴታነስ ተሐዋስም የዚሁ ዘር ነው። ይህችኛዋ ግን የተገኘችው ከጥንቸል በጠጥ ነው፤ እዚሁ ቤልጅየም ውስጥ፣ ሉቫን ላ ኑቭ በሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፤ በፈረንጆቹ 1994 ነው ለዓለም ያስተዋወቋት። እኛ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብለን የምንስቅበት አለ፤ እነዚህ ሰዎች ግን ጥንቸሏ የዋለችበትን በትክክል ለቅመዋል።

ለቅመው ግን አስቀመጧት። ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2005፣ በሌላኛው የምድር ጫፍ ኒውዚላንድ ውስጥ ሾን ሲምፕሰንና ሪቻርድ ፎርስተር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ላንዛቴክ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። ይህችኑ የቤልጅየም የጥንቸል ልጅ ይዘው፣ እየመረጡና እያላመዱ፣ በ2008 ግሌንብሩክ በሚባል የብረት ፋብሪካ የሚወጣ ጋዝ አበሏት። በ2018 ቻይና ውስጥ፣ ሄቤይ ክፍለ ሀገር፣ ከሹጋንግ የብረት ፋብሪካ ጎን በዓመት 46,000 ቶን ኢታኖል ለማውጣት የታሰበ የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቨርጂን አትላንቲክ ከዚህ ኢታኖል የተሠራ ነዳጅ ከተለመደው ጋር ደባልቆ ከኦርላንዶ ለንደን በረረ። ቀጥሎ ደግሞ ባክቴሪያዋ አገሯ ገባች፤ ጌንት ያለው የአርሴሎርሚታል ብረት ፋብሪካ በ200 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጪ የራሱን ጋዝ ወደ ኢታኖል የሚቀይር ክፍል ሠርቶ በ2023 የመጀመሪያውን ኢታኖል አወጣ። በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በዓመት 80 ሚሊዮን ሊትር እንዲሰጥ ነው የታቀደው።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ቤልጅየሞች ከራሳቸው ጥንቸል የወጣችውን ከኒውዚላንድ ዞራ ስትመጣ ተቀበሏት። እኔ ግን ሞኝ ልላቸው አልደፍርም፤ የተገኘን ነገር ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦ፣ ስም ሰጥቶ፣ ጽፎ ማቆየት ራሱ ሥራ ነው። ያ ባይኖር ኒውዚላንዶቹ ምን ይይዙ ነበር?

አሜሪካም ውስጥ የእህቷ ታሪክ አለ፤ እሱ ያሳዝናል። ክሎስትሪዲየም ዩንግዳሊ የምትባለው ከዶሮ ግቢ ቆሻሻ ነው የተገኘችው። (ዶሮ! ይህን ሳነብ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁት።) ስሟን ያገኘችው ከላርስ ዩንግዳል ነው፤ እሱና ሃርላንድ ውድ እነዚህ ተሐዋስያን አንድ ካርቦን ያለውን ጋዝ እንዴት ሁለት ካርቦን አድርገው እንደሚገጣጥሙ በብዙ ዓመት ልፋት የፈቱ ሰዎች ናቸው። ፍሎሪዳ፣ ቬሮ ቢች ላይ የእንጨትና የአትክልት ቆሻሻ ወደ ጋዝ ቀይሮ ለእነዚህ ዓይነት ባክቴሪያዎች የሚያበላ ፋብሪካ በ2013 ኢታኖል ማውጣቱን በደስታ አወጀ። ጋዙ ውስጥ ግን ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባል መርዝ በጥቂቱ ነበረበት፤ ባክቴሪያዎቹ አልቻሉትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚበላ ፍጡር በሳያናይድ ሞተ። ፋብሪካውም አልዘለቀም። ለሁሉም የየራሱ ከሰል አለው ማለት ነው።

ከስድስት ሁለት

ግፊቱ ለምን ሲሦ ብቻ እንደወረደ ያኔ አልገባኝም ነበር። በልተውት ከሆነ ለምን ባዶ አልሆነም? አሠልጣኜ ወረቀት ሳበና ጻፈልኝ። ስድስት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሦስት ውሃ ጋር ገብቶ፣ አንድ ኢታኖልና አራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ኢታኖል ሁለት ካርቦን አለው። ከስድስት ካርቦን ሁለቱ አረቄ ሆነ፤ አራቱ ተመልሶ ጋዝ ሆነ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ግፊት ያ ነበር።

የእቴቴን ድፍድፍ አሰብኩ። እርሾ አንድ ስኳር ሲበላ እንዲሁ ስድስት ካርቦን ነው የሚይዘው፤ እሱ ግን አራቱን አረቄ አድርጎ ሁለቱን ብቻ ነው ወደ አየር የሚለቀው። ልክ ግልባጩ። በዚህ ሒሳብ የደብረ ብርሃን ጋን ከዚህ ሁሉ ብረትና ቧንቧ የተሻለ ቆጣቢ ነው! ይህን ሳገኝ ለአንድ ሳምንት ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስነግር ሰነበትኩ።

ነገር ግን ፍርዱ ትክክል አይደለም፤ እርሾው የተዘጋጀ ማዕድ ነው የቀረበለት። ገብሱ ፀሐይ ሲሞቅ ከርሞ፣ ገበሬው አርሶ አርሞ፣ እቴቴ አብቅላና ፈጭታ ነው። ባክቴሪያዋ ግን ማንም የማይፈልገውን ነው የምትበላው። አራቱን ወደ አየር ለምትለቅበትም ምክንያት አላት፤ ጉልበት የምታገኘው ከዚያ ነው። ኒኬልና ብረት የያዘ ኢንዛይም አላት፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከውሃ ጋር አጋጭቶ ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፤ የተነጠቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ሌላ የኤሌክትሮን ምንጭ፣ ማለትም ሃይድሮጅን፣ ከተሰጣት ግን ካርቦኑን አታባክንም፤ በሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድና በአራት ሃይድሮጅን አንድ ኢታኖልና አንድ ውሃ ብቻ ይወጣል። በቂ ሃይድሮጅን ካገኘች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ራሱን ትበላዋለች። ችግሩ ሃይድሮጅኑን ከየት በርካሽ ታገኛለህ የሚለው ነው፤ እዚያ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ዋጋ ይሆናል።

ሌላው የገረመኝ፣ ኢታኖሉን ራሱን ፈልጋ አይደለም የምታወጣው። እንደ እሷ ጋዝ የሚበሉ ወገኖቿ በሙያቸው ኮምጣጤ ሠሪዎች ናቸው፤ ኮምጣጤው ነው ለኑሮዋ የሚጠቅማት። ኮምጣጤው በዝቶ ሲያስጨንቃት፣ ኤሌክትሮኑም ሲተርፋት ነው ወደ አልኮል የምትቀይረው። እኛ የምንለፋለት ኢታኖል ለእሷ አተላ ነው። እርሾም እንደዚያው ነው። እቴቴ ጋን ውስጥ ያለው ፍጡር ቢጠየቅ «አረቄው ለእናንተ፣ ድፍድፉ ለእኔ» ይል ነበር።

የሚያስቸግረው ደግሞ ጋዝን ውሃ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ስኳር ይሟሟል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ውሃን አይወድም። በአንድ ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ግራም እንኳ አይገባም። ባክቴሪያዋ ሁልጊዜ ተርባ ነው የምትኖረው። ለዚህ ነው የፋብሪካው ማብላያ ጋኖች ረጃጅም የሆኑት፤ ጋዙ በደቃቅ አረፋ እየተሰነጠቀ ውሃው ውስጥ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ነው። ከብዙ ልፋት በኋላም የሚገኘው ፈሳሽ አልኮሉ ከጠላ ብዙ የማይበልጥ ነው፤ ከዚያ መጣራት አለበት። ማጣራት ደግሞ ማገዶ ነው። እዚህ ላይ ጋንም ሆነ ፋብሪካ አንድ ነው። አርሲ ነጌሌን የሚያውቅ ሰው የአረቄ ማገዶ በዙሪያው ያለውን ደን ምን እንዳደረገው ያውቃል።

ማዶ ያለው ነበልባል

ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌት ይዤ ቦዩን ተከትዬ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ። በነፃ የምታሻግር ጀልባ አለች። የብረት ፋብሪካው ከምሥራቅ ዳር እንደ ከተማ ተዘርግቷል። ማቅለጫው በጥሩ ዓይን ካየኸው የእቴቴ ማንደጃ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከሰሉ በቂ አየር ሳያገኝ ይነዳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ልዩነቱ እዚህ ጋዙ ሥራ አለው፤ ከብረት ማዕድኑ ኦክስጅኑን ነጥቆ ብረቱን ነፃ ያወጣል። ኦክስጅንን የመንጠቅ አመሉ ነው ብረት የሚያወጣው። ሥራውን ሲጨርስም ከማቅለጫው አናት ከሚወጣው ጋዝ አምስት እጅ ተከፍሎ አንዱ ያህል ገና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ብረቱ ወደ ጥሩ ብረት ሲጣራ ከሚወጣው ጋዝ ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው። እስካሁን የሚደረገው ለሙቀትና ለመብራት ማቃጠል፣ የተረፈውን ደግሞ ማማ ላይ በነበልባል ማንደድ ነበር።

ያንን ነበልባል ከጀልባዋ ላይ አየዋለሁ። አሁንም ይነዳል።

ሒሳቡን ራሴ ሞከርኩት። ይህ ፋብሪካ በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ቶን ብረት ያወጣል፤ በዚህ መንገድ የሚሠራ አንድ ቶን ብረት ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። የኢታኖሉ ክፍል በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ይቀንሳል ተብሎ የታቀደው በዓመት 125,000 ቶን ነው። ከመቶ አንድ ገደማ። ይህን ቁጥር ይዤ ስመለስ ብስክሌቱ ከበደኝ። ላንዛቴክ በ2023 አክሲዮኑን ናስዳክ በሚባለው የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ላይ ሲያወጣ የነበረው ጭብጨባና ከዚያ ወዲህ ዋጋው ያሽቆለቆለበት ሁኔታም ያው የዚህ ቁጥር ጥላ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። በማስታወቂያ ቋንቋ «ጭስን ወደ ነዳጅ» ሲሉ ግን ያመኛል፤ ልጣጭ ጣል ተደርጎበታልና ከሰሉ ደህና ነው እንደማለት ይሆንብኛል። ከመቶ አንዱ እውነተኛ ነገር ነው፤ ዘጠና ዘጠኙም እውነተኛ ነው።

ሁለተኛው ስልክ

በመጨረሻ መልሱን አገኘሁና ደወልኩ።

«እቴቴ፣ አተላውን አገኘሁልሽ» አልኳት። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ናቸው አተላው። ኢታኖሉ ተጣርቶ ሲያልቅ የሞቱት ባክቴሪያዎች ተሰብስበው ይደርቃሉ፤ አብዛኛው ገላቸው ፕሮቲን ነው። ቻይና በ2021 ለእንስሳት መኖ ፈቅዳዋለች፤ ዓሣ ያረቡበታል።

«ዓሣ ያደልቡበታል?»

«አዎ።»

«ይኼ ጥሩ ነው» አለች፤ በድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አክብሮት ሰማሁ። ቀጥላ ግን ለቀቅ አላደረገችኝም። «አረቄውንስ? ማን ይጠጣዋል?»

አይጠጣም፣ ለመኪናና ለአውሮፕላን ነዳጅ፣ ለሽቶና ለፕላስቲክ ነው አልኳት። የእኛም ፊንጫ ከስኳር የሚተርፈውን ሞላሰስ ኢታኖል አድርጎ አዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ ሲደባለቅ እንደነበር አስታወስኳት፤ ሞላሰስም የስኳር አተላ ነው።

«መኪናው ሲነዳውስ ጭሱ የት ይሄዳል?»

ይኼንን የጠየቀችኝ አራተኛ ክፍል የደረሰች ሴት ናት። እኔ ሁለት ወር የፈጀብኝን ነው በሁለት ስልክ የደረሰችበት። ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው አልኳት፤ እንደማንኛውም ጭስ። የሚተርፈው፣ ያን ያህል አዲስ ነዳጅ ከመሬት አለመቆፈሩ ነው። አንድ ጊዜ ሊሄድ የነበረ ጭስ አንድ ተጨማሪ ሥራ ሠርቶ ሄደ። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ይቆያል።

«እንደ አሮጌ ጋቢ» አለች። «መጀመሪያ ይለበሳል፣ ከዚያ ልጅ ይታዘልበታል፣ ከዚያ እሳት ያያል።»

ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ግን ላስገባው አልችልም።

ዝም ተባባልን። ስለዚያ ሌሊት አውርተን አናውቅም፤ እሷም እኔም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እና ያንን ጭስ ይበሉታል አልሽኝ? ያንኑ? ዶሮዬን የገደላትን?»

«ያንኑ እቴቴ።»

«ምናለ ታዲያ ትንሽ በጠርሙስ አድርገሽ ብትልኪልኝ። ማታ ከሰሉ አጠገብ አስቀምጣቸው ነበር።»

አንድ ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ። ጠርሙስ ቁጥር 2 ታየኝ፤ ሮዝ ሆኖ። «አይሆንም» አልኳት። «እኛ የምንተነፍሰው አየር እነሱን ይገድላቸዋል። እኛ ያለንበት ቤት አያድሩም።»

«እንግዲያማ ምን ሊረቡኝ» አለች፤ የድስቱ ክዳን እንደገና ተንኳኳ። «በይ ልዝጋው፣ ሊገነፍልብኝ ነው። መስኮትሽን እንዳትዘጊ ስትተኚ።»

«እዚህ እኮ ከሰል የለም እቴቴ። ቤቱ የሚሞቀው በሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው።»

«ቢሆንም» አለች።